የቢላዋ አንገት

ቢላዋ ስለትና እጀታ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ይያዛል። በሁለቱ መካከል ግን ስለቱ ያለቀበት፣ እጀታው ገና ያልጀመረበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ከናስ፣ ከመዳብ ወይም ከብረት ተቆርጦ የሚገጠመው ቁራጭ የአንገት ብረት ይባል። የአንገት ብረት አይቆርጥም፤ ሥጋም ሽንኩርትም ቢደርስበት በአጋጣሚ ነው። ለመያዣም አልተሠራም፤ መዳፍ የሚያርፈው ከኋላው ባለው እንጨት ላይ ነው፤ ቢበዛ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይደገፉበታል። ባይኖርም ቢላዋው ሥራውን አይተውም፤ በአሶሳም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ገበያ ከቀጥቃጭ እጅ ወጥተው የሚሸጡት ቢላዋዎች አብዛኞቹ ያለ እርሱ ያርዳሉ፣ ይልጣሉ፣ ይከትፋሉ። እንግዲህ ያለ እርሱ ነገሩ ሙሉ ከሆነ፣ እርሱ የነገሩ ክፍል ነው ወይስ በነገሩ ላይ የተለጠፈ? ቢላዋ መሥራት የጀመረ ሰው ይህን ጥያቄ በቃል ላያነሣው ይችላል፤ ሁለት የናስ ቁራጮች ቆርጦ ከብረቱ ግራና ቀኝ ለማስቀመጥ በሞከረ ጊዜ ግን እጁ ያነሣዋል።

የአንድ ነገር ክፍል ማለት ሲወገድ ነገሩ ሥራውን የሚያቆምበት ነው ከተባለ የአንገት ብረት ክፍል አይደለም። በዚህ መለኪያ ከሄድን ግን የቢላዋው ሹል ጫፍ እንኳ ሽንኩርት ብቻ ለሚከትፍ ሰው ክፍል መሆኑ ይቀራል። መለኪያው የረሳው ጊዜን ነው። መሣሪያ የሚመዘነው ዛሬ በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ ሊሠራው እንደሚችልም ጭምር ነው። የአንገት ብረት በመጀመሪያው ቀን አንዳች አይሠራም ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላ አንገት አልባው ቢላዋ ከእጀታው ላልቶ ሲወዛወዝ ግን ጥቅሙ ይታወቃል፤ ማለትም ሥራው የሚታየው እርሱ በሌለበት ቢላዋ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ማመስገን ይከብዳል። ውኃ ያልገባበት መጋጠሚያ፣ ያልተሰነጠቀ እንጨት፣ በእጀታው ውስጥ ያልዛገ ብረት የማንም ዓይን ውስጥ አይገቡም። ጌጥ ነው የሚለው ክስ የሚመጣውም ከዚህ ይመስላል፤ የሚያደርገው ስለማይታይ የቀረው መልኩ ብቻ ነው።

አንገቱ ላይ የሚገናኙት ሁለቱ አካላት ጠባያቸው አይመሳሰልም። ብረት ውኃ ጠጥቶ አያብጥም። እንጨት ግን በርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ያውም በቁመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በጎኑ ነው። አሶሳ ይህን በግልጽ የምታሳይ አገር ናት። ዝናቧ በአንድ ረጅም ወቅት፣ ከግንቦት ገደማ እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። በነሐሴ ጥብቅ የነበረ እጀታ በመጋቢት ሊላላ ይችላል፤ ብረቱ ባለበት ቆሞ እንጨቱ ከእርሱ ይሸሻል። በዚህ ላይ እንጨት ውኃ የሚጠጣው ከሁሉ በላይ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ዛፍ ሳለ ውኃ ያሳልፉ የነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች አፋቸው የሚከፈተው እዚያ ነውና። የእጀታው የፊት ጫፍ ደግሞ ደምን፣ የሽንኩርትን ውኃና የዕቃ ማጠቢያን ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኝ ነው። የአንገት ብረት ይህን አፍ ይዘጋል። ስለዚህ እንጨትን ከብረት ጋር ያገናኛል ከማለት ይልቅ እንጨት ከውኃ ጋር እንዳይገናኝ ይከለክላል ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። ማገናኛ የተባለው ነገር ሲመረመር ከልካይ ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው አንገቱ ከስለቱ ጋር ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ ይወጣል፤ ከስለቱ ጋር የሚገጥም ነገር ስለሌለ ጥያቄውም በግማሽ ይቀላል። ይህ ግን ወፍራም ብረት አግሎ፣ መካከሉን እንዳለ ትቶ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚስብ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ጀማሪ ከዚያ አይነሣም። ሁለተኛው ቀለበት ነው። የብረቱ ጭራ ቀጭን ሆኖ በእጀታው ውስጥ ይቀበራል፤ ብዙ ቀጥቃጭ ጭራውን አግሎ እንጨቱን እያቃጠለ ያስገባዋል፤ በእጀታው አፍ ላይ የሚጠልቀው ቀለበት ደግሞ እንጨቱን ያስረዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ በስፋት የሚበቅለው ሽመል የዚህን ቀለበት ትርጉም ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ በተለየ ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ጭራ ሊቀበርበት ይችላል፤ ጭረቱ ሁሉ በቁመቱ የሄደ ስለሆነ ግን ጭራው እንደ ሽብልቅ ሆኖ ከአፍ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። ቀለበቱ ጭራውን አይነካውም፣ አይይዘውምም፤ እንጨቱ እንዳይከፈት ብቻ ይከበዋል፤ እንጨቱ ደግሞ ስላልተከፈተ ጭራውን ይይዛል። ማረሻንና እንጨቱን አንድ ላይ የሚያውለው ወገል የዚሁ ሐሳብ ታላቅ ወንድም ነው፤ ገበሬ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሦስተኛው ዓይነት የብረቱ ጭራ እንደ እጀታው ሰፊ ሆኖ፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት የናስ ቁራጮች፣ ከእነርሱም ኋላ ሁለት የእንጨት ክፋዮች የሚለበጡበት ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረውም ስለ እርሱ ነው።

ናስ የሚመረጠው በሞረድ በቀላሉ ስለሚበላ፣ ቀይ ዝገት ስለማያወጣና ሲወለወል ስለሚያበራ ነው። ከአሮጌ የቧንቧ ዕቃም ከማሽን ቡሽም ይገኛል። የጥይት ቀለህ ለቀለበት ይሆን እንደሆነ እንጂ ለአንገት ብረት ይሳሳል። (የክላሽንኮቭ ቀለህ መልኩ ቢያታልልም አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ማግኔት ይፈርደዋል።) ስለቱ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ስላለው ግሎ ውኃ ሲጠጣ ይጠነክራል። ናስና ይህ ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ በዚህ ፍሰት የሚበላው ብረቱ ነው፤ ናሱ ይተርፋል። ብረቱ ለብቻው ቢሆን በራሱ ፍጥነት ይዝግ ነበር፤ የናሱ ጉርብትና ግን ያፋጥንበታል። ሊያስጠብቁት ያመጡት ጠባቂ የሚጠብቀውን የሚያስበላ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ማጣበቂያው ነው፤ ኢፖክሲ በሁለቱ ገጾች መካከል በስሱ ተሰራጭቶ ሲደርቅ ውኃም እንዳይገባ፣ ናሱም ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ ያደርጋል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር በመካከላቸው ገብቶ የሚለያቸው መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም። ያለ መለያ የተነካኩ ነገሮች አንዱ በሌላው ያልቃል፤ ያለ መያዣ የተለያዩም ይበተናሉ፤ መጋጠም ከሁለቱ የሚሸሽ ሦስተኛ ሁኔታ ነው።

ወደ ሥራው ልብ ሲገባ ግን ናስም ብረትም ወደ ኋላ ይቀሩና ክፍተት ብቻውን ይገኛል። ክፍተት ክብደት የለውም፤ አይገዛም፤ በሞርሳ አይታሰርም፤ ሞረድ አይነካውም። የጀማሪው ድካም ሁሉ ግን ከእርሱ ጋር ነው። ሞረዱ የሚበላው ናሱን ነው፤ ዓይኑ የሚከታተለው ግን ናሱን በብረቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ብርሃን ሲያነሣው በመካከል የምታልፈውን ቀጭን የብርሃን ሰረዝ ነው፤ ያች ሰረዝ ከፀጉር እጅግ ብትቀጥንም ትታያለች። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ፣ የቀረውን ማጣበቂያው ይሞላዋል፣ እርሱ ባይሞላው ሚስማሩ ይስበዋል፣ ሚስማሩ ባይስበው ሞርሳው ይጨፈልቀዋል የሚል ነው። ሦስቱም ቃላቸውን አይጠብቁም። ማጣበቂያ ክፍተቱን ሞልቶ ጥቁር መስመር አድርጎ ለሁልጊዜ ያሳየዋል። ሚስማር በራሱ ዙሪያ ይስባል እንጂ ጉልበቱ እስከ ጠርዙ አይደርስም። ሞርሳ ናሱን ያጎብጠዋል፤ ሲላላ ግን ናሱ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል፤ ከመጠን በላይ ከተጠበቀም ማጣበቂያውን ጨምቆ አስወጥቶ መጋጠሚያውን ባዶ ያስቀረዋል። ከዚህ የሚወጣው፣ መጋጠም ከማያያዝ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ መሆኑ ነው። ማጣበቂያና ሚስማር የተገኘውን መስማማት እንዳይፈርስ ይጠብቁታል እንጂ አይፈጥሩትም። ሳይያያዙ የገጠሙ ነገሮች አሉ፤ ተያይዘው ያልገጠሙም አሉ፤ የኋለኞቹን ከፊተኞቹ መለየት የሚቻለው እስኪላሉ ድረስ በመጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ይነሣል። ሁለት ገጾች ብርሃን ሳያሳልፉ ቢገጥሙ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት ነውን? ማለት አይደለም። አንዱ በትንሹ ያበጠ፣ ሌላው በዚያው ልክ የጎደጎደ ቢሆን ያለ እንከን ይገጥማሉ። ሁለት ስሕተቶች ተስማምተው እንደ አንድ እውነት ይቀርባሉ። በግራ በኩል እንዲህ የተስማማ ናስ ወደ ቀኙ ቢዛወር ይከዳል፤ ከኋላው የሚመጣው እንጨትም የተጣመመውን ገጽ እየተከተለ ይጣመማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ዊትወርዝ በስፋት ያስተዋወቀው ዘዴ መፍትሔውን የሚያገኘው ከሦስተኛ ወገን ነው። ሦስት የብረት ሰሌዳዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እየተፈራረቁ ይፋቃሉ፤ እያንዳንዱ ከሁለቱም ጋር ሊገጥም የሚችለው ሦስቱም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ያበጠ ከጎደጎደ ጋር ይስማማል፤ ሦስተኛው ግን ያበጠም ይሁን የጎደጎደ ከሁለቱ ከአንዱ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ስምምነት ምስክር የሚሆነው ለመስማማት ጉዳይ የሌለው ሦስተኛ ሲገባበት ነው ማለት ነው። በአሶሳ ያለ ጀማሪ ሦስት ሰሌዳ እንዲፍቅ አይጠበቅም። በመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ናሱንም የብረቱን ጭራም በየተራ ያሽበታል፤ መስታወቱ ሦስተኛው ነው። ናሱና ብረቱ እርስ በርስ ከመተያየታቸው በፊት ለየብቻቸው ከመስታወቱ ጋር ተስተካክለዋል።

የተረፈውን ስሕተት መፈለጊያው ጥላሸት ነው። ብረቱ በኩራዝ ጭስ ይጠቁራል፤ ናሱ ይጫነዋል፤ ይነሣል። በናሱ ላይ ጥላሸት የያዘው ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እርሱ ብቻ በሞረድ ይነካል፤ እንደገና ይጫናል፤ እንደገና ይነሣል። ጥላሸቱ በገጹ ሁሉ እኩል ሲበተን ሞረዱ ይቀመጣል። አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ልዩነቱ ይነበባል፣ ይቀነሳል፤ በመካከል ቃል የለም። ይህ የቤኒሻንጉል ምድር በሰዎች መካከልም እንዲህ ያለ ስምምነት ታይቶበታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ወርቅ የሚያመጡ ሰዎችን ወደ ሳሱ ምድር ይልክ እንደነበር ይተርካል፤ አብረዋቸው ከሚሄዱት ነጋዴዎች ጋር ቁጥራቸው ከ500 ይበልጥ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 6 ወር ይፈጅ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ሳሱን ከዛሬው ቤኒሻንጉልና ከፋዞግሊ አካባቢ ጋር ያገናኙታል። ተጓዦቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይከበባሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ እንደ አተር ፍሬ ያለ ወርቅ አስቀምጠው ይርቃሉ። ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣል፤ ካልበቃው እንዳለ ይተወዋል፤ ባለወርቁም ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ የሚያደርጉት ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ ስለማይገኝ ነው ይላል ጸሐፊው። ብረትና ወርቅ በዚያ የተገናኙት በአጥሩ ላይ ነው፤ አጥሩ ሁለቱን ወገኖች ይለያቸዋል፤ የሚገናኙበት ስፍራም እርሱ ብቻ ነው። ከሞርሳው ሥራ ጋር ያለው ልዩነት ግን ሊዘለል አይገባም። በሳሱ ሁለቱም ወገን እምቢ ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ በሞርሳ የታሰረው ብረት ግን የሚሄድበት የለውም፤ እምቢታውን የሚናገረው በክፍተቱ ነው፤ ጉልበት ያለው ሠሪ ሊሰማው ባይፈልግ ዝም ሊያሰኘው አይችልም፤ ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል እንጂ።

የሥራው ቅደም ተከተል ሌላ አያዎ ያመጣል። ሚስማር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በብረቱ ጭራ ላይ የሚበሱት ብረቱ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ነው፤ ከጠነከረ በኋላ ተራ የትራፓኖ ጫፍ አይበሳውም። ስለዚህ የአንገቱ ቦታ የሚወሰነው ስለቱ ገና ስለት ሳይሆን ነው። ሁለቱ ናሶች አንድ ላይ ታስረው በአንድ ጊዜ ይበሳሉ፣ በአንድ ጊዜ ይሞረዳሉ፤ እንዲህ ካልሆነ ከላይ ሲታዩ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ወደ ስለቱ የሚመለከተው የፊት ገጻቸው ከመገጠማቸው በፊት ተሞርዶ፣ ተሽቶ፣ ተወልውሎ ማለቅ አለበት፤ ከተገጠሙ በኋላ ስለቱን ሳይቧጥጡ እዚያ መድረስ አይቻልም። ሌላው ገጽ ሁሉ ግን ከተገጠመ በኋላ ነው የሚጠራው። አንዲት ቁራጭ ናስ በአንድ ፊቷ ፍጻሜዋን አግኝታ በሌላው ፊቷ ገና ጥሬ ሆና ትገባለች። ሙሉው ሳይኖር ክፍሉን መጨረስ እንዴት ይቻላል ቢባል፣ መልሱ ሙሉው በሠሪው ሐሳብ ውስጥ አስቀድሞ ኖሯል የሚል ይሆናል። ጀማሪነትም ምናልባት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክፍሎቹን እየጨረሰ ሙሉውን ኋላ የሚያገኝ ሰው። እርሱ የፊት ገጹን የሚያስታውሰው ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ነው።

ማያያዣው በሙቀትም ሊሆን ይችል ነበር፤ ይህ መንገድ ባጭሩ የሚታለፍ ነው። ቆርቆሮና ብር የተቀየጠበት ለስላሳ ብየዳ በ221 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ውኃ የጠጣ ብረት እንዳይሰበር እንደገና ሞቆ የሚለዝበው ደግሞ በዚያው አቅራቢያ፣ በ200 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥቂት ማለፍ ስለቱን ያለሰልሰዋል። ጠንካራው የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ጭራሽ አይታሰብም። አንገትን ለማጽናት ስለትን ማጣት የማይረባ ንግድ ነው።

ስለዚህ ሚስማር ይቀራል። ሚስማሩ ከአንገት ብረቱ ጋር ከአንድ ዓይነት ናስ የተሠራ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የወፈረ ዘንግ ነው። የናሶቹ ቀዳዳ በውጭ በኩል አፉ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ሚስማሩ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ተርፎ ይቆረጣል፤ ከዚያም ክብ አናት ባለው ትንሽ መዶሻ ዙሪያውን በቀስታ ይመታል። ጫፉ እያበጠ የሰፋውን አፍ ይሞላል፤ ተመልሶ ሊወጣም አይችልም። ትርፉ በሞረድ ሲጠረግ፣ የብርጭቆ ወረቀቱም ሲያልፍበት፣ ናስ በናስ ውስጥ ይሰወራል፤ ሚስማሩ የት እንደነበረ አይታወቅም። እዚህ ላይ አያዎው ይከርራል። የገጠመ ሚስማር የጠፋ ሚስማር ነው፤ ያልገጠመው ግን እንደ ጨረቃ ጠርዙን እያሳየ ይኖራል። ስኬቱ መሰወሩ ከሆነ ግን፣ በሚገባ የተሰወረ ሚስማርና ከመጀመሪያውም ያልነበረ ሚስማር ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። ናሱ በማጣበቂያ ብቻ ቢለጠፍ ገዢው በምን ያውቃል? የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ስስ ወርቅ ያስለብጡ ነበር፤ ያ ማዕድንን በማዕድን ላይ የመለበጥ ሥራ እንዲታይ የተሠራ ነበር፤ ወርቁ ከብሩ ተለይቶ ካላበራ ትርጉሙን ያጣ ነበር። የአንገት ሚስማር በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ሐቀኛ ሥራዎች ናቸው፤ የኋለኛው ግን ሐቀኝነቱን በራሱ ላይ ሊያሳይ ስለማይችል በሠሪው ስም ላይ ያሳርፈዋል። ጀማሪ ሚስማሩ በትንሹ ቢታይበት የሚያፍርበት ምክንያት ያለ አይመስልም፤ ስም እስኪያወጣ ድረስ የሚታይ ሚስማር ዋሱ ነው።

በሠሪው ማመን ደግሞ በኢትዮጵያ ውስጥ ጠማማ ታሪክ አለው። የቀጥቃጭ ብረት ይታመናል፤ ቀጥቃጩ ግን ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፣ በጋብቻ ይገለላል፣ በሥራው ይሰደባል። ከቤኒሻንጉል አጠገብ ባለው ወለጋም ቱምቱ የሚባሉት የኦሮሞ ቀጥቃጮች ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ በአዋጅ የሚነካ ያህል ስለከበደ ነው። ማረሻውንና እንጨቱን፣ ስለቱንና እጀታውን የሚያጋጥመው ሰው ራሱ ከማኅበሩ ሳይጋጠም ኖረ። ይህ ታሪክ ጀማሪ በሚለው ቃል ላይም ጥላ ይጥላል። በቀጥቃጭ ቤት የተወለደ ልጅ ጀማሪ የነበረበትን ቀን ለይቶ ማመልከት አይቻልም፤ መዶሻ ለማንሣት አቅም ሳይኖረው ወናፍ ነፍቷል፣ ክፍተትን በብርሃን ማየት ከማንበብ በፊት ለምዷል፤ ለምን እንዲህ ይደረጋል ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም። የዛሬው ጀማሪ ግን አድጎ፣ መርጦ የሚገባ ነው። እጁ የሚያስታውሰው ስለሌለው ያ ልጅ በመዋል የወሰደውን እርሱ በማሰብ መተካት አለበት። የሚዘገየውም ለዚህ ነው፤ የአንገት ብረት ምንድን ነው ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ናሱ ከጸና በኋላ እንጨቱ ይከተላል። በቆላው ጫካ የሚገኘው ዞጲ ከብዶና ጠቁሮ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘይት ስላለው ገጹ በአልኮል ተወልውሎ ካልደረቀ ማጣበቂያ አይይዘውም። የእንጨቱ የፊት ጫፍ ከናሱ የኋላ ገጽ ጋር ያለ ክፍተት መግጠም አለበት፤ የጥላሸቱ ሥራ እዚህም ይደገማል፤ እንጨት በየወቅቱ ስለሚንቀሳቀስ ግን ዛሬ የተዘጋው ክፍተት ነገም ተዘግቶ ይቆያል ብሎ መማል አይቻልም። በደንብ ደርቆ የቆየ እንጨት መምረጥ መሐላውን ያቀልለዋል። ቀጥሎ ናስና እንጨት አብረው ይሞረዳሉ፣ አብረውም ይታሻሉ። የብርጭቆ ወረቀቱ በጣት ብቻ ከተያዘ ለስላሳውን እንጨት አብዝቶ ይበላና ናሱን ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ጣት በቀስታ ሲያልፍ ደረጃው ይሰማል። ጠንካራ ነገር ከወረቀቱ ጀርባ ሲኖር ግን ሁለቱ በአንድ መስመር ይወርዳሉ። መፍጫ ማሽን የሚጠቀምም ናሱን በየጊዜው በእጁ መንካት አለበት፤ ናስ ሙቀትን ፈጥኖ ያሳልፋል፤ ብዙው ኢፖክሲ ደግሞ 100 ዲግሪ ሳይደርስ መለስለስ ይጀምራል። በዚህ ደረጃ ናሱ የስለቱ ወገን ነው ወይስ የእጀታው የሚለው ጥያቄ በተግባር መልስ ያገኛል። ከፊቱ የነበረው ገጽ ከስለቱ ጋር አስቀድሞ አልቋል፤ ጎኑ ግን ቅርጹን የሚያገኘው ከእንጨቱ ጋር ነው። ከአንዱ ጋር በመሠራት፣ ከሌላው ጋር በመታሸት የሁለቱም ሆኗል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንገቱ ሊላላ ይችላል፤ ቢላዋ ይወድቃል፣ በውኃ ውስጥ ያድራል፣ አጥንት ይሰበርበታል። ያኔ የአንገት ብረቱን ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ለማውለቅም ሚስማሩን መብሳት፣ ለመብሳት ማግኘት ያሻል። ሠሪውን ያስመሰገነው መሰወር አሁን ጠጋኙን ያስቸግረዋል። ናሱ ጥርት ብሎ ከታሸ በኋላ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት፣ ወይም በሆምጣጤ ሲቀባ፣ አንዳንድ ጊዜ የክቡ ዳር በስሱ ይለያል፤ ካልተለየ የቀዳዳው ቦታ ከጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ ከተጻፈ ማስታወሻ መፈለግ ነው፤ ማስታወሻም ከሌለ በግምት ይበሳል። አንገት አጠገብ ያለው ስለት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ናሱ ቢሞቅ ማጣበቂያው ይለቃል። የወጣው ናስ ቀዳዳው ተበላሽቶ ስለሚገኝ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይገባም። በጭራው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን እንዳሉ ናቸው፤ ከዝገት ጠርገው አዲሱን ናስ በእነርሱ ልክ መብሳት ይበቃል።